የምልጃው ሸንጎ በአሶሳና በመተከል ምድር

የሞት ቅጣት ከሕግ መጽሐፍ ይፋቅ የሚለው ጥያቄ በሌላው ዓለም ሲነሣ በዓይነ ልቡናችን የሚታየን የሸንጎ ክርክር፣ የጠበቆች ማመልከቻ፣ በአደባባይም ጽሑፍ ይዘው የሚቆሙ ማኅበራት ነው፤ በእኛ አገር ግን፣ ይልቁንም ከዓባይ በስተ ሰሜንና በስተ ደቡብ በተዘረጋው የቤንሻንጉልና የጉሙዝ ምድር፣ ይኸው ጥያቄ ለመንግሥት ከመቅረቡ እጅግ አስቀድሞ የቀረበው በሟች ቤት ደጃፍ ለተቀመጠው ባለደም ነው። ጠያቂዎቹ መስቀል የያዙ ካህናት፣ መቍጠሪያ የጨበጡ ሼኾችና ጎሣቸው ያከበራቸው ሽማግሎች ሲሆኑ፣ የሚጠይቁትም ከሁሉ የከበደውን ነገር፣ ማለት ወንድሙ ወይም አባቱ የተገደለበት ሰው የገዳዩን ነፍስ እንዲተው ነበር። ይህ የምልጃ ሸንጎ ማኅተም፣ መዝገብና የራሱ አዳራሽ ስላልነበረው ታሪክ ጸሐፊዎች እንደ ተቋም ቈጥረው እምብዛም አልመረመሩትም፤ እኔ ግን በኢትዮጵያ የሞት ቅጣትን የሚቃወም እንቅስቃሴ አለ ከተባለ ሥሩ ከዚህ እንደ ሆነ አምናለሁ፤ ድካሙም እንዲሁ የመጣው ከዚሁ ሥር ነው።

ጥንተ ነገሩን ለማየት ወደ ፍትሐ ነገሥት መመለስ ያስፈልጋል። ይህ መጽሐፍ ግብጻዊው ሊቅ አስ-ሳፊ ኢብን አል-ዐሳል በ13ኛው መቶ ዓመት በዐረብኛ ካጠናቀረው ሥራ ወደ ግእዝ ተመልሶ፣ እንደ ትውፊቱም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን አገራችን ገብቶ፣ ለነገሥታቱ የፍርድ መሠረት ለሊቃውንቱም የጉባኤ ትምህርት ሆኖ የኖረ ነው። በነፍስ ገዳይ ላይ የይሙት በቃ ፍርድ እንደሚሰጥ መጽሐፉም ልማዱም ይስማሙ ነበር፤ ነገር ግን በቀድሞው የአገራችን ሥርዓት ፍርዱን የሚፈጽመው ብዙ ጊዜ ወንጀለኛው ተላልፎ የሚሰጠው የሟች ወገን ስለ ነበረ፣ በብያኔውና በሞቱ መካከል አንድ ሰፊ በር ክፍት ሆኖ ይቀር ነበር። በዚያ በር የሚገቡት አማላጆች ናቸው። ዳኛው ራሱ ሳይቀር ባለደሙን «ስለ እግዚአብሔር ብለህ ካሳውን ተቀበል» እያለ ይለምናል፤ ካህናቱ ታቦት የሚያድርበትን ደብር እየጠሩ ይማጠናሉ፤ ባለደሙም እሺ ያለ እንደ ሆነ የደም ካሳው ተቈጥሮ ነፍስ ትተርፋለች። ከዚህም በላይ እንደ አክሱም ጽዮን ያሉት ታላላቅ አድባራትና ገዳማት የመማጸኛ ስፍራ ሆነው፣ በአጥራቸው ውስጥ የገባ ተሳዳጅ ጊዜ አግኝቶ ለምልጃ እስኪደርስ ይጠበቅበት ነበር። እጁ ደም የነካ ካህን ክህነቱን የሚያጣ በመሆኑም፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው በደም ነገር ውስጥ የሚቆምበት ቦታ ገና ከመጀመሪያው የተለየ ነበር።

ሆኖም እውነቱን ሳንሸፍን መናገር ይገባናል፤ ቤተ ክርስቲያን ለነፍሰ ገዳዩ ማለደች እንጂ ሕጉን አልተቃወመችም። በአዲስ አበባ በአራዳ ገበያ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ወንጀለኞች የሚሰቀሉበት ዛፍ ቆሞ ነበር፤ በቅዳሴው ሰዓት ስለ ምሕረት የሚሰማው ምእመን ከደጀ ሰላሙ ሲወጣ የተሰቀለ ሰው ሊያይ ይችል ነበር፤ ከመድረክ ግን ይህ ነገር ከወንጌል ጋር እንዴት ይስማማል ብሎ የጠየቀ ስብከት ስለ መኖሩ የደረሰን ወሬ የለም። ምልጃው ሁልጊዜ ስለ አንድ ሰው ነበር፤ ስለ ቅጣቱ ራሱ አልነበረም። ይህ ጕድለት ከዘመን ወደ ዘመን ሲሻገር እንደምናየው፣ ዛሬም ከሃይማኖት አባቶቻችን ትከሻ አልወረደም።

ወደ አሶሳ ስንመጣ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። የበርታ ሕዝብ እስልምናን የተቀበለው በአብዛኛው በሱዳን በኩል ሲሆን፣ ከፉንጅ መንግሥት ዘመን ጀምሮ ከናይል ወንዝ ዳር የመጡ ነጋዴዎችና ፈቂዎች፣ ማለት የሃይማኖት መምህራን፣ ኸልዋ የሚባለውን የቁርኣን ትምህርት ቤት እየተከሉ፣ ልጆችን በለውሕ፣ ማለት በእንጨት ሰሌዳ፣ ላይ ቁርኣን እያስጻፉ፣ ዐረብኛን ከሃይማኖቱ ጋር አስተምረዋል። በ1890 ዓ.ም. ግድም በራስ መኰንን ዘመቻ አገሩ በዐፄ ምኒልክ መንግሥት ሥር ከገባ በኋላም ሼኽ ሖጀሌ አል-ሐሰንን የመሰሉት የአካባቢው ገዦች (አዲስ አበባ ውስጥ ሸጎሌ የሚባለው ሰፈር እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል) በግዛታቸው የዳኝነቱን ሥራ ከሼኾቹና ከሽማግሎቹ ጋር እየተካፈሉ ኖረዋል። በእስልምና ሕግ የነፍስ ግድያ ሦስት መንገድ ይከፈትለታል፤ አንደኛው ቂሳስ፣ ማለት ነፍስ በነፍስ፤ ሁለተኛው ዲያ፣ ማለት የደም ካሳ፤ ሦስተኛው ዐፍው፣ ማለት ያለ ካሳ ይቅር ማለት ነው። ቁርኣን በሱረቱል በቀራ ላይ ቂሳስን በደነገገበት በዚያው ስፍራ ይቅርታን ማስከተሉና ባለደሙን የገዳዩ ወንድም አድርጎ መጥራቱ ለሼኾቹ ታላቅ የማስተማሪያ መሣሪያ ሆኗቸዋል። በኸልዋ ውስጥ ያደገ ልጅ ይህን አንቀጽ በቃሉ ይዞት ስለሚያድግ፣ ጎልምሶ ባለደም በሆነ ጊዜ ሽማግሎች ደጁ ላይ ሲቀመጡ የሚናገሩት ነገር እንግዳ አይሆንበትም። ትምህርትና ምልጃ አንድ ሆነው የተገኙበትን ስፍራ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በመተከልና በካማሺ ግን ነገሩ ከዚህም የጠለቀና የከበደ ነው። የጉሙዝ ሕዝብ ለብዙ ዘመን በባሪያ ፈንጋዮች ሲታደን የኖረ ስለ ሆነ፣ የመንግሥት ዳኛ የሚባለው ሰው ለእርሱ ከአጥቂዎቹ ወገን እንጂ ከጠባቂዎቹ ወገን ሆኖ አልታየውም፤ ፍርድ ከሩቅ አገር የማይመጣ በመሆኑም ደሙን ራሱ መመለስን እንደ ግዴታ ያዘው። ደመኛ የሚባለውም ገዳዩ ብቻ ሳይሆን የገዳዩ ጎሣ ሁሉ በመሆኑ፣ በማለዳ ወደ እርሻው የወጣ ምንም የማያውቅ ሰው በዘመዱ ጥፋት ይገደል ነበር። ይህ የሞት ቅጣት ነው፤ ዳኛ የሌለው፣ ክርክር ያልተሰማበት፣ በንጹሕ ሰው ላይ የተፈጸመ የሞት ቅጣት። እንግዲህ ከስቅላት በፊት ሊቃወሙት የሚገባው ይህ ስለ ነበረ፣ የጉሙዝ ሽማግሎች ማንገማ በሚባለው የዕርቅ ሥርዓታቸው ሁለቱን ጎሣዎች አስቀምጠው፣ ጥፋቱን አስነግረው፣ ካሳውን አስቈርጠው ደሙን ያደርቃሉ። የጉሙዞች ጎረቤት የሆኑት ሺናሻዎችም ኔሞ የሚባል የራሳቸው የሽምግልና ሥርዓት አላቸው።

ከጎረቤት ሕዝቦች ጋር ለሚነሣው ደም ደግሞ ሌላ ብልሃት ተገኝቷል። ሚቹ በሚባለው የወዳጅነት ሥርዓት አንድ የጉሙዝ ሰው ከኦሮሞ፣ ከሺናሻ፣ ከአገው ወይም ከአማራ ጎረቤቱ ጋር ቃል ኪዳን ሲገባ፣ ወዳጁ በጉሙዝ አገር በሰላም እንዲያርስና እንዲያልፍ ጠባቂው እርሱ ይሆናል። በኦሮሞዎችና በጉሙዞች መካከል ደግሞ ሉባ ባሳና ሐርመ ሆዳ የሚባሉት ሥርዓቶች አሉ፤ በመጀመሪያው ባዕድ የነበረው ወደ ገዳው ሥርዓት ይገባል፤ በሁለተኛው ጡት በመጥባት ምሳሌ የባዕድ ልጅ የቤት ልጅ ይሆናል፤ ልጅ በሆነ ላይ ደግሞ ደም መመለስ ነውር ነው። የመተከልን ታሪክ የመረመሩት ፀጋ እንዳለው እነዚህን ሥርዓቶች ጽፈው ባያቆዩልን ኖሮ፣ ከመተከል የሚሰማው ወሬ ሁሉ የደም ብቻ በሆነበት በዚህ ዘመን፣ እዚያ የሰላም ተቋም ነበረ ብሎ የሚያምን ሰው ባልተገኘ ነበር።

በዚህ ስፍራ ግን ልቤን የሚያሳዝነኝን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በአንዳንድ ቦታ የደም ካሳው ከብት ብቻ አልነበረም፤ የገዳዩ ወገን ልጃገረድ ሰጥቶ ደሙን የሚያደርቅበት ልማድ ነበር። የአንዱን ወንድ ነፍስ ለማትረፍ ምንም ያላጠፋችው ሴት ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ በባለደሙ ቤት ትኖራለች፤ የዕርቁ ምልክት ትባላለች እንጂ ዕርቁን ትፈቅጃለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። እንዲህ ያለውን ምልጃ የሞት ቅጣት ተቃዋሚ ነው ብለን ያለ ምርመራ ልናወድሰው አንችልም። ነገሩን ሊያርም የሚችለው ሴት ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነው፤ በዚህ ረገድ በመተከል የጉሙዝ ሴቶችን በማስተማር የደከሙት የካቶሊክ ገዳማውያት የኮምቦኒ እኅቶች፣ በአካባቢው የሚገኙት የመካነ ኢየሱስ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ምእመናንና የመንግሥት መምህራን፣ ስለ ሞት ቅጣት አንድ ቃል ሳይናገሩ እንኳ የሽምግልናውን ሥርዓት ከውስጥ ሲያጸዱት ኖረዋል።

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ደግሞ ረኀብ ያፈለሳቸው ብዙ ሺሕ የወሎ ሰዎች በመንግሥት ትእዛዝ ወደ አሶሳና ወደ ፓዌ ተወስደው፣ እስከ ዛሬ በቍጥር በሚጠሩ መንደሮች ሰፈሩ። እነዚህ ሰዎች የመጡት ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ከአንድ ቤት ከሚወለድበት፣ አበጋር የሚባለውም አስታራቂ በዱዓና በምርቃት የሁለቱንም ወገን ደም ከሚያደርቅበት አገር ነው። ከብታቸውንና ርስታቸውን ጥለው ቢመጡም ሽምግልናቸውን ጥለው አልመጡም፤ በአሶሳ ዙሪያ መንደሮች በሰፋሪውና በበርታው መካከል የሚቀመጠው ሸንጎ ሼኹንም ቄሱንም በአንድ ምንጣፍ ላይ የሚያስቀምጥ ሆኖ መገኘቱ ለእኔ የሚያስደንቅ አይደለም።

የመንግሥቱ ሕግ በዚህ ሁሉ መካከል የራሱን ጐዳና ይዞ ሄደ። የ1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ ከእርሱ ቀጥሎ በስዊሱ የሕግ ሊቅ በፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ረቂቅ ተመሥርቶ የወጣው የ1949 ዓ.ም. ሕግ የሞት ቅጣትን አጽንተውታል፤ ለዚህም ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ደም በደም የሚለው ስሜት በሕዝቡ ልቡና ሥር የሰደደ ነው የሚል ነበር። የሕዝቡን ልቡና በሙሉ ለመረመረ ግን ከዚያው ስሜት ጐን ምልጃው እንደሚገኝ ግልጽ ነው፤ ሕግ አውጭዎቹ አንደኛውን ሲጽፉ ሁለተኛውን ተዉት። ዛሬ የሚሠራበት በአዋጅ ቍጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 117 የሞት ቅጣትን እጅግ ከባድ በሆነ ፍጹም ወንጀልና እጅግ አደገኛ በሆነ ወንጀለኛ ላይ ብቻ ይወስነዋል፤ ዕድሜው 18 ዓመት ባልሞላው ላይ አይፈረድም፤ በአደባባይ ስቅላትም ሆነ ኢሰብአዊ በሆነ መንገድ እንዲፈጸም አይፈቅድም፤ ርእሰ ብሔሩ ካላጸደቀውም አይፈጸምም። በዙፋን ችሎት ዘመን የነበረው የንጉሠ ነገሥቱ ማጽደቅ በዚህ መልክ ወደ ፕሬዚዳንቱ ተሸጋግሯል።

በዚህ ምክንያት በአሶሳና በመተከል ሁለት ፍርድ ጐን ለጐን ይኖራል። ፍርድ ቤቱ ገዳዩን በወንጀል ሕጉ ይፈርድበታል፤ የሽማግሎች ዕርቅ ክሱን አያስቀረውም። ሽማግሎቹ ግን ከእስር ቤት ሲወጣ በባለደም እንዳይገደል፣ ወይም ገና እስር ቤት ሳለ ወንድሙ በእርሱ ፈንታ እንዳይገደል፣ ዕርቁን ይፈጽማሉ። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም ሥልጣናቸው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት በግልና በቤተሰብ ጉዳይ የተወሰነ ስለ ሆነ፣ ቃዲው በደም ነገር የሚቀመጠው እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ አማላጅ ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ለእርሱ ጕዳት አይደለም፤ ማስገደድ የማይችል ሰው ማሳመንን ይማራልና።

እንዲህ ያለው ምልጃ በመላው አገር ፊት አንድ ጊዜ በግልጥ ቆሞ ታይቷል፤ ይህም በደርግ ባለሥልጣናት ጉዳይ ነው። ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስድሳ ሰዎችን ያለ ፍርድ ገድሎ የጀመረውን ሥራ በ1971 ዓ.ም. ወደ ሃይማኖት አባቶች አድርሶት፣ ሁለተኛውን የኢትዮጵያ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስን ገደለ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ከምዕራብ ወለጋ ከቦጂ የተወለዱትን የመካነ ኢየሱስን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳን ከመንገድ አፍኖ ወስዶ ገደላቸው። የሁለቱም ዐፅም የተገኘው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ነው። ታዲያ ክሱ በ1987 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ በ1999 ዓ.ም. የጥፋተኝነት ፍርድና የዕድሜ ልክ እስራት ተሰጥቶ፣ ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በይግባኝ የሞት ፍርድ በወሰነ ጊዜ፣ የእነዚሁ ሟቾች አብያተ ክርስቲያናት ደም እንዲመለስ ቢጠይቁ ማን ይፈርድባቸው ነበር? እነርሱ ግን ከእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትና ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጋር ሆነው፣ በ2003 ዓ.ም. ለገዳዮቹ ምሕረት ለመኑ። ፓትርያርኳ የተገደለባት ቤተ ክርስቲያን ለገዳዮቹ አማላጅ ሆና ቆመች፤ ዋና ጸሐፊዋ የተገደለባትም እንዲሁ። ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ግንቦት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የ23ቱን የሞት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጡት፤ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያም ብዙዎቹ ከእስር ተፈቱ።

ይህ ድርጊት በአገራችን የምሕረት ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ስፍራ ሊሰጠው ይገባል እላለሁ፤ ነገር ግን ከአሶሳና ከመተከል ሽማግሎች ጋር ሳስተያየው አንድ ነገር ይጐድለዋል። የመተከል ሽማግሌ ደሙን ከማድረቁ በፊት የሟችን ቤት እያንዳንዱን ያንኳኳል፤ ልጇ የሞተባት እናት ያላለቀሰችበት፣ ያልተቈጣችበትና ያልመለሰችበት ዕርቅ ዕርቅ አይባልም። በ2003ቱ ምልጃ ከሟች ወገኖች ብዙዎቹ እንዳልተጠየቁ ሆኖ ተሰምቷቸው አዝነዋል። ምሕረቱ ትክክል ነበር፤ መንገዱ ግን ከላይ ወደ ታች ስለ መጣ፣ ሕዝቡ ስለ ሞት ቅጣት የሚማርበት ታላቅ ዕድል በአንድ ደብዳቤና በአንድ ውሳኔ መካከል አለፈ።

በሌላው ዓለም ያሉ የሃይማኖት ማኅበራት በዚህ ረገድ ከእኛ ይልቅ ርቀው ሄደዋል። የሮማው የቅዱስ ኤጂድዮ ማኅበር የሞት ቅጣት እንዲቆም ለብዙ ዓመታት ደክሟል፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2007 እ.ኤ.አ. ቅጣቱ እንዲታገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሳኔ አሳልፏል፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2018 እ.ኤ.አ. የካቶሊክን ትምህርተ ክርስቶስ አሻሽለው ቅጣቱ በምንም ሁኔታ ተቀባይነት እንደሌለው አስጽፈዋል። ኢትዮጵያ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ የሞት ፍርድ ባትፈጽምም፣ ፍርዱ ግን ከሕግም ከፍርድ ቤትም አልወጣም።

ትምህርት ቤቶቻችን በዚህ መካከል ምን አስተማሩ? በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ግብረ ገብ የሚባል ትምህርት ነበር፤ በኋላም ሥነ ዜጋ መጣ፤ ሕይወት የማይገሰስ መብት ነው የሚለውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 15 ተማሪው ያጠናል፤ ያው አንቀጽ በሕግ በተደነገገ ከባድ ወንጀል ምክንያት ነፍስ ሊጠፋ እንደሚችል መፍቀዱን ግን ተወያይቶበት አያልፍም። በርታኛ፣ ጉሙዝኛና ሺናሽኛ የትምህርት ቋንቋ ከሆኑ ወዲህ የማንገማና የሚቹ ሥርዓት በልጆቹ አፍ መፍቻ ቋንቋ በመማሪያ መጽሐፍ ሊገባ የሚችልበት ጊዜ ደርሷል፤ በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የአሶሳ ዩኒቨርሲቲም ሽማግሎቹን በእንግድነት ሳይሆን በመምህርነት ቢጠራ፣ ሽማግሎቹም ልጃገረድን በካሳ ስለ መስጠት ከተማሩት ሴቶች ልጆቻቸው ጋር ቢከራከሩ፣ ለሁለቱም ወገን ትምህርት ይሆናቸዋል።

የዚህ ሁሉ ፈተና የመጣው በቅርቡ ነው። በታኅሣሥ ወር 2013 ዓ.ም. ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ በጣሊያን ኤምባሲ ተጠልለው የኖሩት የመጨረሻዎቹ ሁለት የደርግ ባለሥልጣናት የሞት ፍርዳቸው በፕሬዚዳንት ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ወደ ዕድሜ ልክ ተለውጦ በአመክሮ ሲለቀቁ፣ በዚያው ሳምንት፣ ታኅሣሥ 14 ቀን፣ በመተከል በቡለን ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ ከአንድ መቶ በላይ ንጹሓን ተገደሉ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በጉባ ወረዳ በአይሲድ ሰው በእሳት ሲቃጠል የሚያሳይ ምስል አገሩን ሁሉ አስለቀሰ። ወገኖቻቸው ከሞቱባቸው ሰዎች ዘንድ «ስቅላት» የሚል ድምፅ ከፍ ቢል የሚፈረድበት አይደለም፤ በዚህ ሰዓት ስለ ገዳይ ነፍስ የሚናገር ሰው ልቡን ያጠነከረ መሆን አለበት። ነገር ግን የመተከል ሽማግሌ አንድ ነገር ያውቃል፤ ከአንድ ጎሣ አሥር ሰው በፍርድ ቢሰቀል፣ የተሰቀሉት ሰዎች ልጆች የሚያስታውሱት የዳኛውን ማስረጃ ሳይሆን ያባታቸውን ገመድ ነው፤ ደሙም ከመድረቅ ይልቅ መንግሥትን አዲስ ደመኛ አድርጎ ይቀጥላል።

ሕጉ በዚህ ላይ የተወው አንድ መግቢያ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 የዘር ማጥፋትንና በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን ከምሕረትና ከይቅርታ ካወጣ በኋላ፣ በእነዚሁ ወንጀሎች ሞት የተፈረደባቸውን ሰዎች ርእሰ ብሔሩ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ሊለውጥላቸው እንደሚችል ይፈቅዳል። የ2003ቱ አባቶች የገቡት በዚህ በር ነው። ከመተከል ለሚመጡት ፍርዶችም ያው አንቀጽ ይሠራል፤ በእርሱ ለመግባት የሚያስፈልገው ማመልከቻ የሚጻፈው በአዲስ አበባ ቢሆንም፣ ፊርማው መሰብሰብ ያለበት በቡለን፣ በማንዱራና በድባጤ ካሉት የሟች ቤቶች ነው፤ ለዚያ ሥራ ከሼኹ፣ ከቄሱና ከማንገማው ሽማግሌ በቀር ወደ እነዚያ ቤቶች ሊገባ የሚችል ሰው አይገኝም።